ገላውን እየታጠበ ነው

ሰኞ፣ ጥር 5

ይህን ደብተር ያነሳሁት ከክፍላችን ዕቃ ቤት ነው። ሽፋኑ ላይ "የጓንት መመዝገቢያ" ይላል። የጓንት መመዝገቢያ ገልጦ የሚያነብ ሰው እስካሁን ስላልተወለደ ምስጢሬ እዚህ በሰላም ይቀመጣል።

የምጽፈው እንዳልፈነዳ ነው። የጥናታችንን ማጠቃለያ ለጉባኤው የምንልክበት የመጨረሻ ቀን መጋቢት 1 ነው። እስከዚያ ከሰው ጋር ከተጣላሁ ጋሼ ጉባኤ ቢሮው አስጠርቶ ስለ ትዕግሥት ይመክረኛል። ጋሼ ጉባኤ የክፍላችን ኃላፊ ነው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ነፃ ነኝ። ቢላ ከጨበጠ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ጉባኤ ግን አንድም አምልጦት አያውቅም።

ጥናቱ አርባ አንድ ሰው ነው። ሠላሳው የቆሽት ካንሰር፣ አሥራ አንዱ የጉበት። ሁሉንም የቀደድኳቸው እኔ ነኝ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመት በኋላ ስንቶቹ በሕይወት አሉ?

ቆሽት ክፉ ሥጋ ነው። ዕጢው ያለበት ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ የቀረው ጉማጅ ከአንጀት ጋር መሰፋት አለበት፤ ግን እንደ ለሰለሰ ቅቤ ክር አይይዝም። ክሩ ከቆረጠው ያፈሳል፣ ካፈሰሰ ደግሞ የሰውየውን ሆድ ከውስጥ ይበላዋል። እኔ ክሩን የማሳልፍበት የራሴ መንገድ አለኝ። "የራሴ" ያልኩት ለጉባኤው ነው፤ እውነቱን ከተናገርኩ የእማዬ ነው። እማዬ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። "ስስ ጨርቅ ክር ይቆርጠዋል፣ ከሥር ደርቢለት" እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔም የአንጀቱን ግድግዳ ከሥር ደረብኩለት። ማመስገኛው ላይ እሷን ላስገባ ብዬ ብጠይቅ ጋሼ ጉባኤ "ዲግሪዋ ምንድን ነው?" አለኝ። ተውኩት።

ሰው ተናዶ "ቆሽቴ አረረ" ሲል ቀጠሮ ልሰጠው ይቃጣኛል። ይህን ቀልድ ክፍላችን ውስጥ የሚስቅልኝ ሰው ካለቀ ቆይቷል።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ሲስተር መደወል ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ የሆነች ሴት ናት፤ ድምፅዋን የሰማ ሕመምተኛ መርፌ መወጋቱን ይረሳል። ለስልክ ከእሷ የተሻለ ሰው የለንም። እኔ ስደውል ሰው ይደነግጣል፤ ገና "ከሐኪም ቤት ነው" ስል አንዷ ስልኩን ወጥ ውስጥ ጥላዋለች።

ቅጹ አጭር ነው። ስም፣ የተደወለበት ቀን፣ ከዚያ "አለ"፣ "የለም" ወይም "አልተገኘም"። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ በአሥር ደቂቃ፣ ሻይ እየጠጣሁ።

እሑድ፣ ጥር 11

እማዬ ጋ ደወልኩ። ሁልጊዜ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው የምደውለው። ያለችው ሌላ ከተማ ነው፣ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት፤ ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ አብራት ትኖራለች። ዛሬ ሃያ አምስት ደቂቃ አወራችኝ። የጎረቤት ድመት የእማዬ የቅዳጅ ጨርቅ ዘንቢል ውስጥ ወልዳለች። ጉልበቷ አሁንም ደረጃ አይወድም። ራዲዮው ላይ የሚያነበው ልጅ ትንፋሹን መዋጥ አልተማረም።

"ስንት ቀደድሽ በዚህ ሳምንት?" አለችኝ።

"አራት።"

"ሰፋሻቸው?"

"ሰፋኋቸው እማዬ።"

"ጫፉን ቋጥረሻል?"

ሐኪም ከሆንኩ ጀምሮ ይህን ሳትጠይቀኝ ስልክ ዘግታ አታውቅም። ከዚያ "ደህና ነሽ?" አለች፤ "ደህና ነኝ" አልኳት። "በልተሻል?" አለች፤ "በልቻለሁ" አልኳት። አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ከመቶ ዛሬ ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣ። ከመቶ ቁጥር የሚሠራልን ሰው ነው። እንዴት ነህ ሲባል እንኳ "ሰማንያ ከመቶ" ብሎ ነው የሚመልሰው፣ ስሙም ከዚያ መጣ። መስመሩን አሳየኝ። እንዲህ ያለ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ይወርዳል፤ ሰው ሲሞት አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። የኛው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል።

ከአርባ አንዱ ሠላሳ አራት አሉ። ሦስት ሞተዋል። አራት አልተገኙም።

"ዶክተር፣ የአንቺ ሰዎች አይሞቱም እንዴ?" አለ።

"እጄ ነዋ" አልኩት።

ጋሼ ጉባኤ ከወንበሩ ተነስቶ አቀፈኝ። ሽቶው እስካሁን አንገትጌዬ ላይ አለ። "ስፌቱ በስምሽ ነው የሚጠራው" አለኝ። ሌሎች ዘንድ ግማሹ ከቆየ ደስታ ነው፤ እኛ ከአምስቱ አራቱን አቆይተናል። ካፌው ውስጥ የአጥንት ሐኪሞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ሳልፍ አንዱ "የማትገድለዋ መጣች" ሲል ሰማሁ። ምቀኝነት ነው። ደስ ብሎኛል። ምሳዬ ለምን እንዳልወረደልኝ አላውቅም፤ ሥጋው ጠንካራ ነበር መሰለኝ።

ከመቶ ሊወጣ ሲል "ስልኩን የሚያነሱት ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። "ወይ እነሱ ወይ ቤተሰብ" አልኩት። የቢሮ ሰው ጥያቄ ነው። ሰው ታሞ ተነስቶ ስልክ ሥር ቁጭ ብሎ ሊጠብቀን ነው እንዴ።

እሑድ፣ ጥር 25

ስልኩን አክስቴ አነሳች። "ወጣ ብላለች ሆዴ" አለች። ጉልበቷ ተሽሏት መውጣቷ ደስ አለኝ። ሦስት ደቂቃም አልፈጀም። በተረፈኝ ጊዜ የጽሑፉን መግቢያ ጨረስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ከቀትር በኋላ ተመላላሽ ክፍል ነበርኩ። አንዲት ሴት ወረፋ ሳትይዝ በሩ ላይ ቆማለች፣ ፌስታል ይዛ። የአናጢው ሚስት ናት፤ ወዲያው አወቅኋት። ባሏን የሠራሁት ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው፣ ቆሽት፣ ሰባት ሰዓት ፈጅቶብኝ። በሦስተኛው ቀን አልጋው ሲንቋቋ ሰልችቶት በሳንቲም ብሎን ሲያጠብቅ የተያዘ ሰውዬ ነው። ቆሽታቸው የተቆረጠ ሰዎች ከምግብ ጋር የሚውጡት እንክብል አለ። ፌስታሉ ውስጥ አራት ያልተከፈተ ብልቃጥ ነበር።

"ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ነው ዶክተር" አለች። "ቤት ተቀምጦ ከሚበላሽ።"

"እሱስ?"

መሬት መሬት አየች። "ዓመት አለፈው እኮ።"

ፋይሉን አወጣሁ። በኛ ቅጽ ባሏ ጥር 9 ተደውሎለታል። "አለ" ነው የሚለው።

"በቅርቡ ከዚህ ተደውሎልዎት ነበር?"

"አዎ፣ ሲስተር ደውላልኝ ነበር። ምን ዓይነት መልካም ሰው ናት። ልጆቹን ሳይቀር በየስማቸው ጠየቀችኝ።"

"ስለ እሱ ምን አሏት?"

"ደህና ነው አልኳት።"

"ለምን?"

አሁን ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ የማይገባኝ ልጅ የሆንኩ ይመስል። "ዶክተር፣ እናንተ ያን ያህል ደክማችሁበት። ሲስተር እንዲያ ደስ ብሏት እየጠየቀችኝ እንዴት አድርጌ ሞተ ልበላት? ታዝናላችሁ ብዬ ነው። እርስዎም ያን ቀን ከዚያ ክፍል ሲወጡ ፊትዎ አመድ መስሎ ነበር። ልጄ ራሱ 'ዶክተሯ ውሃ ትጠጣ' ብሎኛል።"

ባሏ ሞቶባት እኔን ነው የምታጽናናው። እንክብሎቹን ተቀበልኩና አመሰገንኳት፤ ምን ብዬ እንዳመሰገንኳት አላስታውስም። ከሄደች በኋላ ብልቃጦቹን እያገላበጥኩ የሚያልፍባቸውን ቀን አየሁ። የሁሉም አልፏል። መጣል ሲገባኝ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

አርብ፣ ጥር 30

ሲስተር ስትደውል አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። እንደምን ከረማችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እናትዎስ? እሰይ። እሳቸውስ፣ ደህና ናቸው? እሰይ፣ እሰይ፣ ተመስገን። በሉ በርቱ።"

ከዚያ "አለ" ላይ ምልክት።

"ሲስተር፣ በሕይወት አሉ ወይ ብለሽ አትጠይቂም?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ዶክተርዬ፣ ሰው ቤት ደውዬ 'ባልሽ ሞቷል ወይስ አለ' ልበላት? እንዲህ ያለ አስተዳደግ የለኝም።"

እኔም የለኝም። ቅጹ ግን እንዲህ ያለ አስተዳደግ ይፈልጋል፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

"የሕመምተኞቹን የራሳቸውን ድምፅ ሰምተሻል?"

አሰበች። በጣቷ ቆጠረች። "አምስት" አለች፤ "ወይ ስድስት።" ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እሑድ፣ የካቲት 2

አክስቴ ነች ያነሳችው። እማዬ ተኝታለች፣ በቀኑ ስምንት ሰዓት። ዕድሜ ነው። "አትቀስቅሻት" አልኩ። እኔንም መተኛት አማረኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለጋሼ ጉባኤ ነገርኩት።

"አንዲት ሴት ናት" አለ። "አንዲት ሴት ጥናት አታፈርስም።"

"ሲስተር የሰማችው የስድስት ሰው ድምፅ ነው።"

"ስልክ ተደውሏል?"

"ተደውሏል።"

"መልስ ተሰጥቷል?"

"ተሰጥቷል።"

"ተመዝግቧል?"

"ተመዝግቧል።"

"ታዲያ ሳይንስ ከዚህ ወዲያ ምን ያድርግልሽ?"

ሻይ አዘዘልኝ፤ ጠጣሁት። "አንቺ ስትሰፊ ደስ ትያለሽ" አለ ሲሸኘኝ፤ "ስትጠራጠሪ ግን ሰው ታደክሚያለሽ።" የሚያሳፍረው ከቢሮው ስወጣ ቅልል ብሎኝ ነበር። አለቃ ብሏል፣ አበቃ። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳልጻፍኩት ልቁጠረው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቸኩያለሁ። ሁለት ቀዶ ሕክምና። ጉበቱ ደማ። ቆመ። ምሳ የለም። ስለ ቅጹ አላሰብኩም። አላሰብኩም ብዬ ሦስቴ ጽፌ ሁለቱን ሰረዝኩ።

እንክብሎቹ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ወዲያው ይወገዳል፤ ደንቡን ለአዲስ ሐኪሞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

እማዬ ገላዋን እየታጠበች ነው። "ደህና ናት፣ ምንም አትይ" አለች አክስቴ፣ ገና ሳልጠይቃት። ውሃ ሲፈስ አልተሰማኝም፤ ስልኩ ይሆናል። ያ መታጠቢያ ቤት ያንሸራትታል፣ ምንጣፍ ይነጠፍበት እያልኩ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። ራሷን ችላ ከታጠበችበት እንግዲህ ክርክሩን አሸንፋለች።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አዲስ ሕመምተኛ ገባ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ዕጢው ቆሽቱ ራስ ላይ ነው። ሁሉንም አስረዳሁት፦ ምን እንደምቆርጥ፣ ምን ከምን ጋር እንደምሰፋ፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጽሞና አዳመጠኝ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አለ። "ከኔ በፊት ከሠሩዋቸው ውስጥ ሁለት ዓመት የቆዩት ስንቶቹ ናቸው? ካልሆነ ቤቴ ሄጄ ከሚስቴ ጋር ልቀመጥበት፤ እሱም አንድ ነገር ነው።"

ሠላሳ አራት ልል አፌን ከፈትኩ። "እስከ ሳምንት እነግርዎታለሁ" አልኩት።

"ቁጥር ቀን ይፈልጋል እንዴ?" አለ። ልክ ነው፣ አይፈልግም። ጋሼ ጉባኤ በቁጥሩ ጉባኤ ይሄድበታል። ይህ ሰው ግን ሆዱን ሊያስቀድድበት ነው።

አዲስ ቅጽ አወጣሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ "የሕመምተኛውን ድምፅ በገዛ ጆሮሽ ሰምተሻል?" ሲስተር አነበበችውና መለሰችልኝ። "ይህን አንቺው ጠይቂ ዶክተርዬ፤ እኔ ቁጥሩን እየደወልኩ ላቅርብልሽ" አለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የመጀመሪያዋ የጡረተኛው መምህር ልጅ ናት።

"አባትሽን ላናግራቸው ነበር።"

"ወጣ ብሏል።"

"መቼ ይመለሳሉ?"

"ዶክተር፣ ደህና ነው በቃ።"

"እህቴ፣ እውነቱን ብትነግሪኝ ምንም አልሆንም። ሥራዬ ነው።"

"እውነት ምንም አትሆኚም?"

"ምንም አልሆንም።"

"አምና ነው ያረፈው" አለች። "ይቅርታ አድርጊልኝ።"

በአንድ ቀን ዘጠኝ ስልክ ደወልኩ፤ ስድስት ሰው ይቅርታ ጠየቀኝ። አንዷ "የሰፉት ቦታ ግን እስከ መጨረሻው ደህና ነበር፣ በሱ እንዳያስቡ" አለችኝ። አንዱ ስልኩን ለወንድሙ አቀበለ፣ ወንድሙ ለእናታቸው፣ እናትየው "አንቺ በልተሻል?" አለችኝ። "በልቻለሁ" አልኩ። ለዚህች እንኳ ዋሸሁ።

ወደ ማታ ግድም አንዱ ራሱ አነሳ።

"እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ራስዎ?"

"ራሴ ነኝ አልኩ እኮ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?" አለኝ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ስድብ በሕይወቴ አልሰማሁም። ሲስተር "አለ" ላይ ምልክት ስታደርግ ወረቀቱን ልትቀድደው ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

"አልተገኘም" ከተባሉት አራቱ አንዱ ጎሚስታ ነው። ሱቁ ከሐኪም ቤቱ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሄድኩ። ጎማ ላይ ተጎንብሶ አገኘሁት። ከኔ በላይ ወፍሯል።

"ስልክ ለምን አያነሱም?" አልኩት።

"ቁጥራችሁን ስለማውቀው ነዋ። እናንተ ለደህና ሰው ደውላችሁ አታውቁም። እስካላነሳሁት ድረስ ደህና ነኝ።"

ከዚያ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን መንገድ ላይ ለቆመው ሁሉ ማሳየት ጀመረ። "ይቺ ናት የሰፋችኝ" ይላል፤ "አንድ ቀን አላፈሰሰም።" ለሰባት ሰዓት ቀዶ ሕክምና ያገኘሁት ከሁሉ የሚበልጥ ምስክርነት ይኸው ነው፣ ከጎማ ሰፊ።

ከአራቱ ሦስቱ እንዲህ በሕይወት አሉ። ስልክ የማያነሱት ሥራ ላይ ስለሚውሉ ነው። ያልተገኙት ያሉት ናቸው፣ ደህና የተባሉት ደግሞ የሌሉት። አንድ ነገር ይህን ያህል ገልብጦ ለማየት መማር ያስፈልጋል፤ እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ተምሬበታለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 16

አክስቴ። "ወጣ ብላለች፤ ደህና ናት፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አለች። እሺ። እየሠራሁ ነው። ሰባት ስልክ ይቀራል።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

አለቀ። ከአርባ አንዱ አሥራ ስድስት አሉ። ሃያ አራት ሞተዋል። አንዱን በምንም መንገድ ማግኘት አልቻልንም።

ጠዋት ለአውቶቡስ ሾፌሩ ነገርኩት። "አሥራ ስድስት" ብሎ ደገመው። ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ ሚስቱ አየ። "ከአርባ አንድ ተሳፋሪ አሥራ ስድስቱ ከደረሱ እኔም መቀመጫ አይጠፋኝም" አለ። "ከሳምንት በኋላ ይቅደዱኝ።" ሚስቱ እጁን ያዘችው። ሠላሳ አራት ብዬው ቢሆን ምን ሊለኝ እንደነበር ማወቅ አልፈልግም።

ከቀትር በኋላ ከመቶ አዲሱን መስመር አመጣ። አሁን ደረጃ ይመስላል። "ሠላሳ ዘጠኝ ከመቶ" አለ። "የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም ዶክተር።" እያንዳንዱን ደረጃ አውቀዋለሁ፤ አንዱ አናጢው ነው።

ሲስተር በድሮው ቅጽ ጥግ ላይ ቤተሰቡ ያላትን ሁሉ በእርሳስ ጽፋ ነበር። የሰው ቃል መጣል አትወድም። ደህና ተብለው የሞቱት ሃያ አንድ ናቸው፤ የነሱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድረን ለየናቸው። "ወጣ ብሏል" ዘጠኝ። "ተኝቷል" ስምንት። "ገላውን እየታጠበ ነው" አራት።

"ገላቸውን የሚታጠቡት አንዳቸውም አልተመለሱም" አለች ሲስተር።

መሳቅ ጀመርን። መሳቃችን ነውር ነው፣ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ስናለቅስ ነበር፣ ሳቁ የተጠራቀመ ነው። ከመቶ እንኳ ሳቀ። እኔ እንባዬን እየጠረግሁ "እንግዲህ ሥርዓት አለው ማለት ነው" አልኩ፤ "መጀመሪያ ወጣ ይላል፣ ቀጥሎ ይተኛል፣ ከዚያ ገላውን..."

ጣቴን እንደቀሰርኩ ቀረሁ። "ምን ሆንሽ?" አለችኝ ሲስተር። እኔ እሑዶቹን እየቆጠርኩ ነበር። አራት ናቸው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20፣ አውቶቡስ ውስጥ

ትናንት ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ማንም አላነሳም። ዛሬ ጠዋት አክስቴ አነሳች።

"እማዬን አቅርቢልኝ።"

"ወጣ..."

"አክስትዬ፣ ድምፅዋን አሰሚኝ።"

ዘጋችው።

የራሴ ጥያቄ። በራሴ እጅ የጻፍኩት ጥያቄ። የሰው እናት፣ የሰው አባት እያልኩ ቤት ለቤት ዞሬ፣ በዚያው እሑድ "እሺ፣ እየሠራሁ ነው" ብያለሁ። ቅዱስ መስዬ ጎሚስታ ቤት በእግሬ ሄጃለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ለውዝ ሰጠኝ። "ሰው ሞቶብሽ ነው?" አለ። "አላውቅም" አልኩት። ለውዙን በሙሉ ሰጠኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

አለች። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። በሩን ስገፋ የመጀመሪያ ቃሏ "ማን ነግሮሽ ነው?" ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለሁለት ቀን እዚህ ደብተር ላይ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

ጥር 21 መታጠቢያ ቤቱ አንሸራትቷት ወድቃለች። ዳሌዋ ተሰብሯል። እኔ ስለ ስፌቴ ስታቀፍ በማግሥቱ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝታለች፣ ብረት ገብቶላታል፣ ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። "ያን ሁሉ ዘመን ሐኪም አሳድጌ የቀደደኝ የሰው ልጅ ነው" አለች፣ ጥፋቱ የሐኪሙ ይመስል።

ቁስሏን ገልጬ አየሁት። ስፌቱ ቆንጆ ነው። ቀናሁ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩ። አክስቴ ወደ ጓዳ አፈገፈገች።

"እሷን ተያት፣ እኔ ነኝ ያልኳት" አለች እማዬ። "ሥራሽን ትጨርሺ ብዬ ነው። ያን የሰው ሆድ ይዘሽ ስለ ዳሌ ታስቢ? ላናግርሽ ብል ደግሞ ድምፄን ከሰማሽ ታውቂያለሽ። ስለዚህ አንድ ሰሞን ወጣሁ፣ አንድ ሰሞን ተኛሁ።"

"ገላሽን ታጠብሽ።"

"እሱ የአክስትሽ ነው። እኔ ብሆን የወደቅሁበትን ቦታ አላነሳም ነበር።"

መናደድ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ሃያ አንድ ቤተሰብ ያደረገውን ነው ያደረገችው፣ በነሱ ደግሞ አልተናደድኩም። በራሴ ነው የተናደድኩት። አንድ ወር ሙሉ ደህና ናት የሚለውን ቃል የወደድኩት ስለሚያሳጥርልኝ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 23

ዛሬ እሑድ ነው፣ መደወል አላስፈለገኝም።

ጋሼ ጉባኤ ደወለ። "አሥራ ስድስት ይዘን እንዴት ሰው ፊት እንቆማለን?" አለ።

"አሥራ ስድስቱን በየስማቸው አውቃቸዋለሁ።"

"ሃያ አራቱንስ?"

"እነሱንም።"

"እስከ ማክሰኞ ላስብበት።"

"ጠዋት ልኬዋለሁ" አልኩት። "እርስዎን አስፈቅዶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቁልፉን ሲጫኑት ይሄዳል።"

ስመለስ ስለ ትዕግሥት እንደሚመክረኝ ነገረኝ። ማመስገኛው ላይ እማዬን ያስገባኋት ገና አላየም። ዲግሪ በሚለው ቦታ "ልብስ ሰፊ" ብያለሁ።

እማዬ ትራሷን አስደግፌያት የአውቶቡስ ሾፌሩን፣ የጎሚስታውን፣ የአናጢውን ሚስት ነገር ነገርኳት።

"ስንት ሞቱብሽ?" አለች በመጨረሻ።

እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስንት አሉ ብሎ ነው።

"ሃያ አራት።"

መነጽሯን አወለቀች። "ደህና ነሽ?"

"ደህና" ብዬ ጀምሬ አልጨረስኩትም። "አይ እማዬ፣ ደህና አይደለሁም" አልኩ። "አልበላሁም ደግሞ። ጥር ላይም አልበላሁም ነበር።"

ከዚያ አለቀስኩ፣ ዳሌዋን እንዳልነካ ከአልጋው ጠርዝ ራቅ ብዬ፤ ሐኪም ነኝና። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ፀጉሬን በጣቶቿ እያበጠረች ነበር፣ እንደ ተተበተበ ክር።

"እሰይ" አለች። "እንግዲያው እኔም ደህና አይደለሁም። አንድ ወር ሙሉ ደህና ነኝ ማለት ከስብራቱ ይበልጥ አደከመኝ። በይ አሁን ፖፖውን አቀብዪኝ፤ አክስትሽ ገላዋን እየታጠበች ነው።"

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ውሃው ሲፈስ ይሰማል።